ሦስት ማስነጠስ፣ አንድ ማጅራት

ወረታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ በእውቀቱ ወልደ ሥላሴ
ድሬዳዋ

እንደምን ሰንብተዋል ጋሼ? ርብን ለሩዛችን የሰጠ አምላክ ለእርስዎም ጤናውን ሳይሰስት ይስጥልኝ። እኔ የአጎትዎ የአድማሴ የልጅ ልጅ፣ የደሴ ልጅ ሠርካለም፣ ከልጄ ከእየሩስ ጋር ደህና ነኝ። ሩዝ እየቸረቸርኩ፣ ሰው እያሳቅሁ፣ ጉልበቴን ብቻ ትንሽ እያመመኝ አለሁ።

በስልክ ብንነጋገር ይቀል ነበር። ግን ባለፈው ፋሲካ ስደውል «ሠርካለም ነኝ» ብዬ አራት ጊዜ ብጮህ «እዚህ ሐኪም ቤት አይደለም» ብለው ዘጉብኝ። የዛሬው ጥያቄ ደግሞ እየተጮኸ የሚጠየቅ አይደለም፤ እርስዎ ሳይሰሙት ወረታ ይሰማዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የምቀርባት ሴት አለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን ባምላክ መባ የሚባል፣ ሩዝ መፈልፈያ ያለው፣ እሱም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሽማግሌ ላከባት። ሴትዮዋ ደስ ብሏታል። ለዕድሜዋ ከሚገባው በላይ ደስ ብሏታል የሚሉም አሉ። ነገር ግን የንስሐ አባቷ «ሰባት ቤት ሳይቆጠር አልባርክም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢቆጠር ጉድ ወጣ። የሷ ቆጠራ ደሴ፣ አድማሴ፣ በእውቀቱ፣ ትልቁ አድማሴ። የሱ ቆጠራ መባ፣ ገበያው፣ ትልቁ አድማሴ። ያው አንዱ አድማሴ ላይ ተገናኙ። ሰባት ቤት ቀርቶ አራትም አልሞላ።

መቼም የኛ ቤት ስም አይጥልም። አያት ሲሞት ስሙን ለልጅ ልጅ ያወርሳል፤ እርስዎም የአያትዎን ስም ይዘው ነው የሚኖሩት። የወንድሜ ልጅም አድማሴ ነው። ስም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከቅዳሴ ወጥተን ፀሐይ ዓይናችንን ሲመታን ሦስት ሦስት ጊዜ ማስነጠሳችንስ? ባለፈው እሑድ አጠገቤ የቆመች ሴት «ይማርሽ፣ ይማርሽ፣ ይማርሽ፤ አሁንስ ደከመኝ» አለችኝ።

እና ስም ሲደጋገም ሰው ይምታታልና፣ ምናልባት ሁለት አድማሴ ኖሮ ይሆን? ያ ገበያው የሚባለውስ በእርግጥ የትልቁ አድማሴ ልጅ ነበር ወይ? የአባትዎ የመሪጌታ ወልደ ሥላሴ ዘር ቆጠራ እስከ ዛሬ ይወራል፤ ከእርስዎ በቀር ግን የሚያውቅ ሰው አልተረፈም። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልጠራ ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ሴትዮዋም ለሁለተኛ ጊዜ መበለት ልትሆን ነው፣ ያውም ሳታገባ።

ልጅዎ ሠርካለም ደሴ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርካለም

የቁልቢው ገብርኤል ከክፉ ሁሉ ይከልልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ለቁም ነገሩ፣ አንዱን ለሳቁ።

የምትቀርቢያትን ሴት በሚመለከት፣ ወንድሜ ደሴ በዚህ ዓለም አንዲት ሴት ልጅ ብቻ እንደነበረችው የረሳሽው መሰለኝ። የሴትዮዋን ስም ደብቀሽ የአባቷን፣ የአያቷንና የቅድመ አያቷን ስም ጻፍሽልኝ። ሌባ ጫማውን ጥሎ እንደ መሮጥ ነው። እንኳን ደስ አለሽ። አርባ ስምንት ዓመት ለደስታ አልረፈደም።

ማስነጠሱ እኔም ጋ አለ። ባቡር ጥገና ስሠራ ከጨለማው ክፍል ወደ ፀሐይ ስወጣ ሦስት ጊዜ አስነጥስ ነበር። ሠራተኛው ያን ሲሰማ ምሳ ደረሰ ብሎ መፍቻውን ያስቀምጣል። አለቃችን «ይህን ሰውዬ ደወል ብለን እንቅጠረው» ይል ነበር። የስሙን ነገርማ አታንሺው። በአያታችን ተዝካር «አድማሴ፣ ጠላ ቅዳ» ቢባል አራት አድማሴ ከነጋኑ ተነሣ፤ ጋኑ ተሰበረ፤ የትኛው እንደሰበረው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ድሬዳዋ ሞቃት ናት። ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል፤ ብቸኝነት የለብኝም። የፎገራ ሩዝ ግን አምሮኛል። በምታገኚው ሰው ትንሽ ላኪልኝ። እጄ ስለደከመ እዚህ ላይ ላብቃ።

አጎትሽ በእውቀቱ


ወረታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ በእውቀቱ

ልደቱን በሰላም ያድርስዎ፣ ዕድሜዎን እንደ ጣና ውሃ ያስፋልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ፊቴ በርበሬ ሆኖ እየሩስ «እማዬ ትኩሳት አለብሽ?» አለችኝ። አዎ ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፤ በእርስዎ ፊት «ባል አማረኝ» ብሎ መጻፍ አፈርኩ።

ሩዙን በአንድ ሹፌር ልኬያለሁ። ባምላክ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ፈልፍሎ፣ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ የሰጠኝ ነው። ሲበሉት ይመርቁት።

አሁን አይቆጡኝና፣ ሦስት ገጽ ጻፉልኝ፤ ስለ ጋን ጻፉልኝ፣ ስለ ምሳ ጻፉልኝ። ስለ ገበያው ግን አንድ መስመር የለም። ደብዳቤውን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ።

እዚህ መሣቂያ ሆነናል። በቆጠራው መሠረት ባምላክ ከአባቴ እኩል ነው የሚውለው፤ አጎቴ ሊሆን ነው ማለት ነው። ሩዝ ላስፈልፍል ስሄድ በሠራተኞቹ ፊት ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «የወንድሜ ልጅ፣ ደህና አደርሽ?» ይለኛል። እኔም «ደህና፣ አጎቴ፤ ገለባውን በደንብ አበጥርልኝ» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኛም እንስቃለን። ከዚያ ኩንታሉን ሲያነሣልኝ ዓይን ለዓይን እንጋጠምና ሳቁ ይቆማል።

አንድ ቀን ደግሞ እዚያው መፈልፈያው በር ላይ ቆሜ እያየሁት አስነጠሰ። አንድ። ሁለት። ጋሼ፣ አበቃልኝ አልኩ። ሦስተኛውን ስጠብቅ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባት ደረሰ። ለካ የሩዙ ብናኝ ነው፤ እዚያ ቤት በሬም ቢገባ ያስነጥሳል። እንግዲያስ ብዬ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሜ ጠበቅሁት። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አያት፤ እንደ ላም ዝም ብሎ አያት። እኔ ደግሞ ሦስቴ አስነጥሼ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሮጬ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «ልጄ፣ ማስነጠስ ቃለ መሐላ አይሆንም፤ የሚያውቅ ሰው አምጪ» አሉኝ።

የሚያውቀው ሰው እርስዎ ነዎት። እባክዎ ጋሼ።

ልጅዎ ሠርካለም


ድሬዳዋ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠርካለም

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። ሩዙ ደርሷል፤ ሰውዬውን መርቄዋለሁ። ሌላ ሩዝ አትላኪ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ባምላክ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ማጅራቱን፣ ከፀጉሩ ሥር ያለውን፣ እይና ያየሽውን ጻፊልኝ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ። ለእሱም አትንገሪው።

በእውቀቱ


ወረታ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ በእውቀቱ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አሉ! ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዎ ሲጠፋ እየሩስን «ጋሼ አርፈው ይሆን» እስከ ማለት ደርሼ ነበር። ከዚያ ደብዳቤ መጣ ብዬ ብከፍት ማጅራት።

ጋሼ፣ እኔ የተከበርኩ መበለት ነኝ። የሰው ወንድ ማጅራት በምን አያለሁ? ሰውዬው ባርኔጣውን አያወልቅም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቢያወልቅም ጋቢውን እስከ ጆሮው ይከናነባል፤ ደግሞም እሱ በወንዶች በኩል፣ እኔ በሴቶች በኩል። ሳምንት አሰብኩ። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ።

«የባምላክን ፀጉር የምትቆርጠው አንተ ነህ?» አልኩት።

«አዎ።»

«ማጅራቱ ላይ ምን አለ?»

መቀሱን ከደንበኛው ጢም ሳያነሣ፣ «እትዬ ሠርካለም፣ ሰው ባል ሲመርጥ ፊት ነው የሚያይ» አለኝ።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ በሳቅ ግማሽ ጢሙን አስበላ። ቢሆንም ነገረኝ። ከፀጉሩ ሥር፣ ወደ ግራ በኩል፣ ሳንቲም የምታህል ነጭ ፀጉር አለች። ሽበት አይደለችም፤ አብራው የተወለደች ናት። አባቱ መባም እንደዚሁ ነበረው ብሎኛል።

ያው፣ ይኸው ነው ያየሁት። እኔ ሳላየው፣ በሰው ዓይን። ዳግማይ ትንሣኤ ስድስት ሳምንት ቀረው። ባምላክ ትናንት «ካልሆነም ዘመድነቱ አለ፤ አጎትሽ ሆኜ እጠይቅሻለሁ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን አጎት ሞልቶኛል ጋሼ።

ልጅዎ ሠርካለም


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርካለም ደሴ

እውነትን የሚወድ አምላክ ይህን ደብዳቤ በሰላም ያድርስልሽ።

ሁለት ወር ዝም ያልኩሽ ታምሜ አይደለም። አባቴን ከመቃብሩ አንሥቼ «ሐሰት መስክረሃል» ለማለት ብዕሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። አሁን እጽፈዋለሁ፤ አንዴ ከጀመርኩ አልመለስም።

ያ ማጅራት የአድማሴ ቤት አይደለም። የገበያው ቸኮል ነው።

በ1936 ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። አባቴ ደብር ውሎ መመለስ አቃተው፤ እናቴን ምጥ ይዟታል፤ ውሃው ቤት ገብቷል። ከአንበሳሜ በኩል መጥቶ ለሰው የሚያርስ ገበያው ቸኮል የሚባል ሰው ነበር። እናቴን በትከሻው ተሸክሞ፣ ደረቱ በደረሰ ውሃ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ጉብታ አወጣት። እኔ እዚያ ዋርካ ሥር ተወለድኩ። እናቴ ስትነግረኝ በውሃው መካከል ዓይኗን የተከለችው ማጅራቱ ላይ ነው። «ያችን ነጭ ነገር እያየሁ፣ እሷ ካልሰጠመች አልሰጥምም እል ነበር» ትለኝ ነበር።

ገበያው መሬት አልነበረውም። በዚያ ዘመን መሬት የሚገኘው በዘር ነው። ቆጥረህ ቆጥረህ ከአንድ ባለ ርስት አያት ካልደረስህ እግርህን የምታሳርፍበት የለህም። ትልቁ አድማሴ ደግሞ ገበያው የሚባል ልጅ ነበረው፤ የአያቴ የበእውቀቱ ወንድም። በልጅነቱ ከነጋዴ ጋር ወደ መተማ እንደወረደ አልተመለሰም። በዓመቱ አባቴ ከሸንጎ ፊት ቆመ። ወንጌል ይዞ ምሎ «ይህ ሰው የጠፋው አጎቴ ገበያው ነው» አለ። ስሙ አንድ፣ ዕድሜው ተቀራራቢ፣ የሚያውቁት ወንድሞቹ ሞተዋል። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ የቆጠረውን ማን ያፈርሳል? ገበያው ከአድማሴ ርስት ድርሻ አገኘ፤ የአድማሴ ልጅ ተባለ፤ እንደተባለም ሞተ።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ዘር ቆጥሮ አያውቅም። ሰው ሲመጣ «ምላሴ ደክሟል» ብሎ ወደ ሌላ ይሰድ ነበር። ሁሉም ትሕትና ይመስለው ነበር። እናቴ ልትሞት ስትል ነገረችኝና እንዳላወራው አስማለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ያ ሐሰት የተነገረው በእኔ ምክንያት ነው፤ የእኔ መወለድ ዋጋ ነበር። ዛሬ ግን አባቴ ለውለታ የከፈተው በር የሰውዬውን የልጅ ልጅ ደጅ አስቁሞ ካስቀረው፣ ውለታው ተገልብጦ በደል ሆነ። እናቴም ብትኖር መሐላውን ታነሣልኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ለንስሐ አባትሽ አንብቢላቸው። ምስክር መሬት ይሰጣል እንጂ አጥንት አይሰጥም። ባምላክ የሥጋ ዘመድሽ አይደለም። የአንድ ሽማግሌ ወረቀት አይበቃም ካሉሽም አንበሳሜ ሂዱ፤ የቸኮልን ዘር ጠይቁ።

አሁን የምለምንሽ ሩዝም አይደለም፣ ማጅራትም አይደለም። ባምላክ ይህን ሲሰማ ስለ አባቴ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ሳትቀንሺ።

አጎትሽ በእውቀቱ ወልደ ሥላሴ


ወረታ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለተወደዱ፣ ስማቸውን ስጠራ ለማለቅስላቸው ለጋሼ በእውቀቱ

ሞትን ድል የነሣ ጌታ ልብዎን ከተሸከሙት ሁሉ ያሳርፍልኝ። ወሬው ብዙ ነው፤ ግን መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ፤ እንደኔ ዓይነት ለፍላፊም ቢሆን ቅደም ተከተል ያውቃል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በቅዳም ሥዑር ነው። መፈልፈያው ቤት ሄጄ «ማሽኑን አጥፋ» አልኩት። አጠፋ። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ባርኔጣውን አወለቀ፤ እጁን ማጅራቱ ላይ አሳረፈና በጣቱ ይዳብሰው ጀመር። ፈራሁ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ የአድማሴ ልጅ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ አሁን አያቱን ከነሥሩ ነቀልኩበት።

«ታዲያ መሪጌታ ያን ባይሉ፣» አለ ቆይቶ፣ «አያቴ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። አባቴ እዚህ አይወለድም። እኔም እዚህ ሩዝ አልፈለፍልም። አንቺንስ የት አገኝሽ ነበር?»

«አልተቀየምካቸውም?» አልኩት።

«ባለውለታዬ ናቸው። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። ሚስት ላገኝ ቅድመ አያት ባጣ ምን ይለኛል?»

ቃል በቃል ነው ጋሼ፤ አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም። የንስሐ አባቴም ሲሰሙ አማተቡና «መሪጌታን በየቅዳሴው አስባቸዋለሁ፤ ልጃቸውንም እውነቱን ስለ ነገረን» አሉ። ግን ያሉት አልቀረም፤ «አንበሳሜ ሄዳችሁ ከወዲያኛውም ወገን አሰሙኝ» አሉ።

ዳግማይ ትንሣኤ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኔ፣ ባምላክና እየሩስ በማለዳ መኪና ተሳፈርን። ሐሙሲት ወርደን ሌላ መኪና ያዝን። ባምላክ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያይ ሄደ። እኔ ደግሞ ስፈራ አወራለሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ሳይደርሱ ወረዱ።

አንበሳሜ ገበያ ነበር። «የቸኮል ዘር የት ይገኛል?» ብለን ብንጠይቅ ጌሾ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አሳዩን። እማማ አገኘሁሽ ይባላሉ። ሰላም ብለን ገና ሳንጨርስ፣

«ማን ነው ቸኮልን የሚጠይቅ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ ባምላክ።

«ባርኔጣህን አውልቅ።»

አወለቀ።

«ዙር።»

ዞረ። እማማ አገኘሁሽ ጌሾውን ከእጃቸው አራግፈው ተነሡ፤ በአውራ ጣታቸው ያችን ነጭ ነገር ነኩ። ከዚያ ሻሻቸውን ፈቱና ጀርባቸውን ሰጡን። ጋሼ፣ በዚያ ሁሉ ሽበት መካከል እንኳ ትለያለች፤ እዚያው ቦታ፣ ወደ ግራ በኩል።

«እኛ ቤት ስም አንጠይቅም፤ ማጅራት ነው የምናይ» አሉ። «የማን ነህ?»

«የመባ ልጅ፣ የገበያው የልጅ ልጅ።»

«ጎርፍ የበላው ገበያው?»

«ጎርፍ አልበላውም እማማ። ከጎርፍ ሰው አወጣ እንጂ።»

ያን ጊዜ አለቀሱ። የእናታቸው ወንድም ነው ለካ። ርብ ወሰደው ብለው ፍትሐቱን አስፈትተው፣ ስሙ እንዳይጠፋ ለልጃቸው አውጥተውለታል። ገበያው የሚባል ሰው ከወዲያ ማዶ ጠራርተው አመጡልን፤ ባምላክን ቁርጥ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ፣ ተዟዙረው ማጅራት ተያዩ፤ ገበያተኛው ሥራ ፈቶ ከበበን። እየሩስ «እማዬ፣ ይህ ሰርግ ነው የበግ ገበያ?» አለች።

እማማ አገኘሁሽ እዚያው ቁጭ ብለው በጣታቸው ሰባት ቤት ቆጠሩ። የኛን አንድም ሰው አልነኩም፤ አድማሴም የለ፣ በእውቀቱም የለ። በማግስቱ መኪና ተሳፍረው መጥተው ለንስሐ አባቴ ራሳቸው መሰከሩ። ሻሻቸውን ሊፈቱ ሲሉ «ይብቃ እናቴ፣ አምኛለሁ» አሏቸው።

እናም ጋሼ፣ ግንቦት 17 ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እንባረካለን። ባምላክ አሁን አጎቴ ስላይደለ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ጠፍቶታል፤ «አንቺ» ብሎ ይጀምርና ይስቃል።

እርስዎ ይመጣሉ። ይህ ልመና አይደለም። ከድሬዳዋ በአውሮፕላን እስከ ባሕር ዳር፤ ከዚያ ባምላክ ራሱ ይቀበልዎታል። ምንም ይዘው እንዳይመጡ፤ ሩዝም አለ።

አንድ ክርክር ግን ተነሥቷል። ድግሱ ላይ እርስዎን ከኔ ወገን፣ ከአባቴ ቦታ ላስቀምጥዎ አስቤ ነበር። ባምላክ እምቢ አለ። «የአንቺ ዘመድ ሞልቷል። እኔ አያቴ በትከሻው ያወጣው ሰው እያለኝ ምን ብዬ እለቃለሁ? ከኔ ወገን ነው የሚቀመጡት» አለ። እማማ አገኘሁሽም አጠገባቸው ቦታ ይዘውልዎታል። ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። ስለዚህ የሙሽራው ወገን ሆነው ይምጡ፤ እኔ ቅር አይለኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። ያን ጊዜ እኔና እርስዎ ሦስት ሦስት ጊዜ ማስነጠሳችን አይቀርም፤ የማን ወገን እንደሆኑ ያኔ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ልጅዎ ሠርካለም ደሴ